የሳይንስ መምህር ለመባል

መምህርነት ከሙያዎች ሁሉ የቀደመ፣ በአገራችንም ዘንድ እጅግ የተከበረ ሙያ እንደ ነበረ ማንም አይስተውም። የቅኔ ወይም የዜማ መምህር ለመባል የሚሻ ሰው ከአገር አገር፣ ከጉባኤ ጉባኤ እየዞረ ብዙ ዓመት ይማራል፤ ከዚያም በኋላ በመምህሩ ፊት ቁሞ ዕውቀቱን ካላሳየ፣ መምህሩም ካልመሰከረለት በቀር ወንበር ዘርግቶ ለማስተማር አይደፍርም። ይህ የምስክርነት ሥርዐት ቀላል ይምሰል እንጂ በውስጡ አንድ ብርቱ ነገር አለበት፤ ይኸውም የቅኔው መምህር ቅኔ ሲዘርፍ የተሰማ፣ የዜማውም መምህር ሲያዜም የታየ መሆኑ ነው። ስለ ዜማ የጻፈውን ብቻ ተመልክተው ዜማ ያውቃል ብለው የሚመሰክሩለት ሰው የለም።

ይህን ነገር ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ መምህርስ የሚመሰከርለት በምንድር ነው? የሚለውን ጥያቄ ለመመርመር አስበን ነው። ጥያቄው በጠቅላላው ሲነገር ሰፊና ጭጋጋም ሆኖ ስለሚያስቸግር፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ ላይ አሳርፈን ብንመለከተው ይሻላል በማለት አረርቲን መርጠናል።

አረርቲ የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ደብረ ብርሃንና አንኮበር ከሚገኙበት ከብርዱ ሸዋ ጋር በአንድ በሰሜን ሸዋ ዞን ትቈጠር እንጂ፣ ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ ወደ እርስዋ የሚደርሰው በሞጆ በኩል ነው፤ አየሯም ከደጋው ይልቅ የሞቀ ነው። ምንጃር ሲባል በገበያ የሚታወቀው በጤፉ ነው። ከጤፉም ጋር ሽምብራው አለ። የምንጃር ገበሬ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጥቁሩ አፈር ያቈረውን ርጥበት ተማምኖ ሽምብራውን ይዘራል፤ በሚከተለውም ዓመት በዚያው ማሳ ላይ ጤፍ ቢዘራበት መሬቱ እንደሚሰጥ ከአባቶቹ ተምሯል። ስለ ምን እንደሚሰጥ ቢጠይቁት ግን “መሬቱ ያርፋል” ብሎ ይመልሳል እንጂ ከዚህ አልፎ አይናገርም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደ ተባለ፣ ነገሩ በእውነት ከሥሩ ነው። በኅዳር ወር፣ ሽምብራው ገና ለምለም ሳለ አንዱን ነቅሎ አፈሩን በዝግታ ያራገፈ ሰው፣ በሥሩ ላይ የተንጠለጠሉ ጥቃቅን እንክብሎችን ያገኛል። በእንክብሎቹ ውስጥ በዐይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። የምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጅ የሚሆነው ናይትሮጅን ሲሆን፣ ጤፍም ሆነ ስንዴ ከዚህ ሁሉ ሀብት አንዳች እንኳ በቀጥታ ሊወስድ አይችልም፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን ይዘው ለተክሉ ምግብ ያደርጉታል። ፋብሪካ ይህንኑ ሥራ ለመሥራት ከ400 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀትና እጅግ ከፍ ያለ ግፊት ያስፈልገዋል፤ አገራችን በየዓመቱ ብዙ የውጭ ምንዛሪ እያወጣች የምትገዛው ዩሪያ የሚገኘው እንዲህ ባለ ድካም ነው። በአረርቲ ዙሪያ ባለው ማሳ ግን ሥራው ያለ እሳትና ያለ ጢስ ይከናወናል። እንክብሉን በጥፍር ሰንጥቀው ቢያዩት ውስጡ ቀላ ያለ እንደ ሆነ በሥራ ላይ ነው፤ ቅላቱንም የሚሰጠው በደማችን ውስጥ ካለው ቀይ ነገር ጋር ዘመድ የሆነ ፕሮቲን ነው።

የሚያስደንቀው ሌላው ነገር ደግሞ የአረርቲ ስም ራሱ በሳይንስ መዝገብ የተጻፈ መሆኑ ነው። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በ1992 ዓ.ም. ገደማ ለገበሬው ካወጣቸው የነጭ ሽምብራ ዝርያዎች አንዱ “አረርቲ” ተብሎ ተሰይሟል። ስለዚህ በሩቅ አገር ያሉ የእህል ተመራማሪዎች ከተማይቱን ሳያዩ ስሟን ያነሣሉ።

እንግዲህ በአረርቲ ትምህርት ቤት በዘጠነኛ ክፍል የተቀመጠች አንዲት የገበሬ ልጅ አለች እንበል። መጽሐፍዋ ስለ ናይትሮጅን ዑደት በእንግሊዝኛ ይነግራታል፤ ሥዕሉም ቀስት በቀስት ሆኖ ተሥሏል። እርስዋም ቃሉን በቃልዋ ታጠናለች፤ ለፈተናም ትጽፈዋለች። ባለፈው ቅዳሜ ከአባቷ ጋር የነቀለችው ሽምብራና ይህ ሥዕል አንድ ነገር መሆኑን የሚያስታውቃት ሰው ካላገኘች ግን፣ ሳይንስ ለእርስዋ የፈረንጅ ተረት ሆኖ ይቀራል። ያ የሚያስታውቃት ሰው የሳይንስ መምህር ይባላል። አንድ ሰው ይህን ለማድረግ መቻሉን እንዴት አድርገን እናውቃለን? የነገራችን ሁሉ ቍልፍ ይህ ነው።

ይህችው ልጅ ራስዋ የፊዚክስ ወይም የኬሚስትሪ መምህር ለመሆን ብትመኝ የሚጠብቃት መንገድ ረዥም ነው። አስቀድሞ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ፈጽማ አገር አቀፉን ፈተና ማለፍ አለባት። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከተጀመረበት ዓመት ወዲህ የማለፊያውን ግማሽ ነጥብ ያገኙት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ነበሩ። ቍጥሩ ከፍ እያለ መሄዱ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን ከመቶው ዘጠና የሚበልጡት አሁንም በደጅ ቀርተዋል። ይህን ጠባብ በር ያለፉት ጥቂቶች በዩኒቨርሲቲ የሚመርጡትን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሕክምና፣ ምሕንድስና፣ የኮምፒዩተር ትምህርት ነው። ፊዚክስን አስቀድሞ የሚመርጥ ጥቂት ነው፤ ፊዚክስን መርጦ ለማስተማር የሚያስብማ ከጥቂቱም ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገሩ እንደ ቀለበት ዞሮ ይገጥማል። የሳይንስ መምህር ሲያንስ የሚያልፈው ተማሪ ያንሳል፤ የሚያልፈው ተማሪ ሲያንስ ደግሞ ለመምህርነት የሚተርፍ አይገኝም።

ነገሩ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ አልነበረም ለማለት ግን አይቻልም፤ የሳይንስ መምህር እጥረት ከዘመናዊው ትምህርት ጋር አብሮ የተወለደ ነውና። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ነበሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ ሲቋቋምም በሳይንሱ ወንበር ላይ የተቀመጡት በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በዚያው በ1930ዎቹ አጋማሽ የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ በምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ተከፈተ፤ ዓላማው ግን ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ማውጣት ነበር እንጂ የሁለተኛ ደረጃውን ሳይንስ የሚደርስለት አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን በጀመረ ጊዜ እንኳ ሳይንስን ያስተማሩት ካናዳውያን ኢየሱሳውያን መነኮሳትና ሌሎች የውጭ አገር ሊቃውንት ናቸው።

ዩኒቨርሲቲው በ1954 ዓ.ም. ሲመሠረት የትምህርት ፋኩልቲ አብሮ ቆመ፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህር በዲግሪ የሚሠለጥንበት ቤት በደንብ የተገኘው ያን ጊዜ ነው። ሆኖም የትምህርት ቤቱ ቍጥር ከምሩቃኑ ይቀድም ነበርና፣ በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ወደ 280 የሚጠጉ አሜሪካውያን የሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ከሕንድ የመጡትም መምህራን በዚያ ዘመን የሒሳብና የፊዚክስ ክፍሎችን ይዘው እንደ ነበረ በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ሁሉ ያስታውሱታል። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት ወጥተው አገራቸውን እንዲያገለግሉ ተደነገገ፤ ብዙዎቹም የተላኩት ለማስተማር ነበር።

ከዚያ ዘመን አንድ ነገር ብቻ ነጥለን ማንሣት እንወዳለን፤ ይኸውም በስድስት ኪሎ የነበረው የልዑል በእደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ነው። ወደዚህ ቤት የሚገቡት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ጎበዞች ነበሩ፤ የታጩትም ለመምህርነት ነበር። የተመረጠው ሁሉ መምህር ሆኖ ቀረ ማለታችን አይደለም፤ ከመካከላቸው ሌላ መንገድ የያዙ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ለመምህርነት የሚታጨው ሰው ከሁሉ የተረፈው ሳይሆን ከሁሉ የተመረጠው ይሁን የሚል አሳብ በመንግሥት ደረጃ እንደ ነበረ ቤቱ ምስክር ነው።

ከዚያ ወዲህ የሥልጠናው ሥርዐት ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። የቆየው ሥርዐት የትምህርቱን ዓይነትና የማስተማሩን ዘዴ አንድ ላይ ጐን ለጐን የሚያስተምር ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ባለ ዲግሪ እንዲሆን ወሰነ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ቴሶ እየተባለ የተጠራው የመምህራን ትምህርት ለውጥ መጣ፤ ይህም ተማሪውን መካከል ያደረገ ማስተማርንና በትምህርት ቤት የሚደረግ ልምምድን ያበዛ ነበር። ዘዴው በዛ፣ ዋናው ዕውቀት ሳሳ የሚል ወቀሳ ተነሣበት። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. ነገሩ ተገለበጠና፣ ሠልጣኙ አስቀድሞ እንደ ማንኛውም ሰው በፊዚክስ ወይም በባዮሎጂ ዲግሪውን ይጨርስ፣ ከዚያም በኋላ የማስተማርን ሙያ በድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ይማር ተባለ። ይህም በበኩሉ ሌላ ችግር አመጣ። ዲግሪውን ይዞ በመስኩ ሥራ ያገኘው ሰው ወደ ዲፕሎማው አይመለስም፤ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ ሥራ ያጣው ነው። መምህርነትም የመጀመሪያ ምኞት መሆኑ ቀርቶ የመጨረሻ መጠጊያ መሰለ። በ2014 ዓ.ም. ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሎ መሰየሙ፣ መምህር ከመነሻው መምህር ሊሆን አስቦ የሚገባበት ቤት እንደገና ያስፈልጋል የሚል አሳብ መመለሱን ያሳያል።

ይህን የሥርዐት መለዋወጥ ስንመለከት ክርክሩ ሁልጊዜ በሁለት ነገሮች መካከል እንደ ነበረ እናያለን፤ ምን ያውቃል? እንዴት ያስተምራል? በሚሉት። ሦስተኛው ጥያቄ፣ እጁ ምን ይሠራል? የሚለው፣ በአንዱም ዘመን በሚገባው ስፍራ አልተቀመጠም።

እጅ የተረሳበት ጊዜ እጅግ ጐልቶ የታየው ደግሞ በፕላዝማው ዘመን ነው። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ተሰቅለው፣ በሳተላይት የሚመጣ ትምህርት ይሰጥ ጀመር። አሳቡ መልካም ነበር፤ በአረርቲም ሆነ በአዲስ አበባ ያለ ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ያግኝ፣ በትምህርት ቤቱ የሌለውን መሣሪያ በሥዕል ይይ የሚል ነው። ነገር ግን ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው መስኮቱ ሆነና፣ መምህሩ በመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ አስተዋውቆ በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ የሚያጠቃልል ሰው ሆኖ ቀረ። በመካከል ተማሪው እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው አያየውም። መብራት በጠፋ ጊዜም ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል። ከሁሉ ይልቅ ግን ጉዳቱ በወጣቱ መምህር ላይ ነበር፤ ሙከራን በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ሲበላሽበትም አፍሮና አርሞ የሚማርበትን የመጀመሪያ ዓመታት ሌላ ሰው ሲሠራ ቁሞ በማየት አሳለፋቸው።

አሁን ወደ ፈቃዱ እንምጣ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የትምህርት ሚኒስቴር የመምህራንና የትምህርት ቤት መሪዎች የሙያ ፈቃድ የሚባል ሥርዐት ዘርግቷል። መምህሩ በጽሑፍ ይፈተናል፤ ፈተናውም የሚያስተምረውን ትምህርትና የማስተማርን ዘዴ የሚመለከት ነው። ከዚህም ጋር ማኅደረ ተግባር የተባለውን፣ የሥራውን ማስረጃ ሰብስቦ የሚያቀርብበትን ጥራዝ ያሳያል። ሐኪም ያለ ፈቃድ እንዳያክም፣ ጠበቃም ያለ ፈቃድ በችሎት እንዳይቆም ከተደረገ፣ አርባና ሃምሳ ልጅ በፊቱ የሚቀመጥለት መምህር ያለ ፈቃድ እንዳይቆም መታሰቡ ትክክል ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምትም በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን በየዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው ሒሳብን፣ ሳይንስንና እንግሊዝኛን እንደገና መማራቸው ጉድለቱ በግልጥ እንደ ታወቀ ያስረዳል።

ነገር ግን የሐኪሙን ምሳሌ ካነሣን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ሐኪሙ በሽተኛ ዳስሶ፣ መርፌ ወግቶ፣ በመምህራኑ ፊት በእጁ ተፈትኖ ነው የተመሰከረለት። መኪና የሚነዳው ሰው እንኳ ስለ መንገድ ምልክት የጽሑፍ ጥያቄ ብቻ መልሶ መንጃ ፈቃድ አይቀበልም፤ መሪ ይዞ ይታያል። የኬሚስትሪ መምህር ግን አንድ ጊዜ እንኳ አሲድ ሲቀዳ ሳይታይ ፈቃዱን ሊቀበል ይችላል። በጽሑፍ ብትጠይቁት፣ አሲድን ለማቅጠን ሲፈለግ አሲዱን ቀስ እያሉ በውኃው ላይ መጨመር ነው እንጂ ውኃውን በአሲዱ ላይ መጨመር አይገባም ብሎ በትክክል ይመልሳል። ሠላሳ ልጆች ከብበውት፣ ብርጭቆው በእጁ፣ ሁለቱ እየተገፋፉ ሳለ ምን እንደሚያደርግ ግን ወረቀት አይነግረንም። ይህን የማያውቅ መምህር አደጋን ስለሚፈራ የቤተ ሙከራውን በር ቈልፎ ይተወዋል፤ ቍልፉንም የሚጠይቀው የለም። በብዙ ትምህርት ቤት መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ ጊዜው የሚያልፍበት፣ ማጕሊያ መነጽሩም ከሣጥኑ ሳይወጣ አቧራ የሚጠጣበት ምክንያት የገንዘብ እጥረት ብቻ አይመስለንም።

ሳይንስ በመሣሪያ ብዛት ብቻ እንደማይማሩት ለማስረዳት የሩቅ አገር ምሳሌ እንጥቀስ። ማይክል ፋራዴይ የእንግሊዝ አንጥረኛ ልጅ ነበረ፤ ትምህርት ቤት የቆየው ጥቂት ሲሆን፣ መጽሐፍ ከሚጠርዝ ሰው ዘንድ ተቀጥሮ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ነው ለሳይንስ የበቃው። ኤሌክትሪክ ዛሬ ዓለምን የሚያንቀሳቅሰው እርሱ ባገኘው ሕግ ነው። ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1860 ዓ.ም. ማብቂያ በለንደን ለወጣቶች ስድስት ጊዜ ትምህርት በሰጠ ጊዜ፣ የትምህርቱ ሁሉ መነሻ በፊቱ ያቆማት አንዲት ሻማ ነበረች። ሻማዋ ስትነድ ከየት ወዴት እንደምትሄድ፣ ውኃ ከእሳት እንዴት እንደሚወለድ፣ የእኛም እስትንፋስ ከሻማዋ ነዲድ ጋር ምን እንደሚያዛምደው እየሠራ አሳያቸው። በአረርቲ ሻማም ጧፍም አይታጣም።

ከሻማውም ሌላ ብዙ አለ። የሽምብራ ቅጠል እንደሚኮመጥጥ እሸት የበላ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ቅጠሉ ከላዩ የሚያወጣው ማሊክ አሲድ መሆኑን ሊትመስ ወረቀት በጧት ጤዛው ላይ አስነክቶ ሲቀላ ማሳየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የአንድ ግራም ጤፍ ፍሬ ወደ 3,000 ይጠጋል፤ እንዲህ ያለውን ነገር አንድ በአንድ ሳይቈጥሩ በሚዛን እንዴት እንደሚቈጥሩት ማስተማር፣ ኬሚስቶች አቶሞችን የሚቈጥሩበትን ብልኀት ማስተማር ነው። በአውድማ ላይ ገበሬው እህሉን ወደ ነፋስ ሲያዘራ፣ ገለባው ርቆ ፍሬው ቀርቦ የሚወድቅበት ምክንያት ሙሉ የፊዚክስ ትምህርት ይወጣዋል። የእንጀራው ዐይንስ ከየት መጣ? ይህን ሁሉ የምንለው ወረዳዎች ለቤተ ሙከራ ገንዘብ አይመድቡ ለማለት እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልን። በጤፍና በሻማ ብቻ የሚታዩት ነገሮች ወሰን አላቸው፤ ባክቴሪያን ያለ ማጕሊያ መነጽር፣ የኤሌክትሪክን ጉልበት ያለ መለኪያ ማሳየት አይቻልም። የምንለው፣ በጤፍና በሻማ ማስተማር የማይችል መምህር ሙሉ ቤተ ሙከራ ቢሰጡትም በሩን አይከፍተውም ነው።

ስለ ቋንቋም አንድ ቃል ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ ጥሩ እንግሊዝኛ ሊያውቅ ይገባል፤ ይህ ግልጥ ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሊቃውንት ደክመው የሳይንስና የቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት ለጌጥ አይደለም። “ሽምጠጣ” የሚለውን ቃል የሰማ የምንጃር ልጅ፣ ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ ፍጥነቱን ከቅጽበት ወደ ቅጽበት ሲጨምር በዐይነ ኅሊናው ያያል፤ የእንግሊዝኛውንም ቃል ከዚያ በኋላ ቢማረው አይረሳውም። “ጥግግት” የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው፤ የጥጥንና የብረትን ልዩነት ራሱ ይናገራል። ፈቃድ የሚሰጠው መምህር ሁለቱንም ቃል ያውቅ ዘንድ ለምን አይጠየቅም? ዛሬ የሚሆነው መምህሩ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ እያደባለቀ እንደ ቀናው መናገሩ ነው፤ ይህን የምንለው በመፍረድ አይደለም፤ ያስተማረው የለምና።

ስለ ደመወዝና ስለ መኖሪያ ቤት ብዙ ተጽፏል፤ እኛም የምንጨምረው ብዙ የለንም። ከጀማሪ መምህር እስከ መሪ መምህር የሚያደርሰው የዕድገት መሰላል የሚለካው በአገልግሎት ዘመንና በሥራ ምዘና ነውና፣ በገዛ እጁ ቤተ ሙከራ ያቋቋመ መምህር በዚያ መሰላል ላይ አንድ እርምጃ ቢቀድም የሚቃወም ሰው አይኖርም ብለን እንገምታለን። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በሆነው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውን፣ መምህራንና ተማሪዎች መበተናቸውን ደግሞ ሳይናገሩ ማለፍ ሐሰት ይሆናል። ሁለትና ሦስት ዓመት ያመለጠው ልጅ ሲመለስ መጽሐፉን ከተወበት ገጽ ቢከፍቱለት አይገባውም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው መምህር ከሌላው ጊዜ ይልቅ እጅግ የበረታ ነው።

እንግዲህ እኛ የምንመክረው ይህን ነው። የጽሑፉ ፈተና ይኑር፤ ማኅደረ ተግባሩም ይኑር። ከእነዚህ ጋር ግን የሳይንስ መምህር ፈቃድ የሚቀበለው በሚያስተምርበት ስፍራ፣ በሦስት ሰዎች ፊት፣ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ በእጁ እየሠራ ካስተማረ በኋላ ይሁን። ከሦስቱ አንዱ በዚያው ትምህርት የበሰለ የጎረቤት ትምህርት ቤት መምህር፣ አንዱ ከቅርቡ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ሰው ቢሆን መልካም ነው፤ ለአረርቲ ቢሆን በ1999 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዞን አለ። ሦስተኛው ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሁን። ወጪው የመንገድና የቀን አበል ነው። ብዙ ሺህ መምህር በአንድ ዓመት እንዲህ መፈተን አይቻልም የሚል ሰው ቢኖር፣ አዲስ ከሚቀጠሩት ይጀመር እንለዋለን፤ እነርሱ በየወረዳው ጥቂቶች ናቸው።

ፈተናው በአረርቲ በኅዳር ወር ሆነ እንበል። አዲሱ መምህር ወደ ክፍል ሲገባ በጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው ከነሥሩ የተነቀለ አንድ እግር ሽምብራ፣ ምላጭ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃና ሊትመስ ወረቀት ነው። ሦስቱ መርማሪዎች ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጆቹም ማሳውን ከእርሱ ይልቅ ያውቁታልና በዝምታ ይመለከቱታል። አርባ ደቂቃ አለው። እርሱም ምላጩን አንሥቶ አንዱን እንክብል ይሰነጥቅና ከፊት ወንበር ለተቀመጠችው ልጅ ያቀርብላታል፤ “ቀርበሽ ተመልከቺው፤ ስለ ምን ቀላ?”